አዋሽ ማደሪያ አለው

(በማኅበራችን የሦስት ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የአካባቢ ጥበቃ ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር። ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት ተብሎ በተጠየቀው መሠረት እዚህ ወጥቷል።)

ቡናው እስኪፈላ ጥቂት እንናገር ተብለን ነው የተነሣነው። ነገሩ ከሦስተኛውም ስኒ ሊያልፍ ስለሚችል ወንበራችሁን አመቻቹ።

ለኮሚቴያችን የተሰጠው ርዕስ የበረሃ ወንዞችንና ዳርቻቸውን ነዋሪው ሕዝብ እንዴት ሊጠብቃቸው ይችላል የሚል ነው። ርዕሱ ሲነገረን ከመካከላችን አንዷ «ጀሞ ቁጭ ብለን በበረሃ ወንዝ ምን አገባን?» ብላ ነበር። ብዙዎቻችሁም ይህንኑ ሳታስቡ አትቀሩም። ስለዚህ ከዚሁ ጥያቄ እንነሣ።

በሰፈራችን የሚወርደው የጀሞ ወንዝ ትንሹ አቃቂ ውስጥ ይገባል። ትንሹ አቃቂ በቃሊቲ በኩል ቁልቁል ወርዶ አባ ሳሙኤል ላይ ከትልቁ አቃቂ ጋር ይገናኛል። ከአባ ሳሙኤል የሚወጣው ውሃ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ቆቃ ግድብ ገብቶ ይወጣና በወንጂ፣ በመተሐራና በአዋሽ ፓርክ አድርጎ አፋር በረሃ ይወርዳል። አሚባራን፣ ገዋኔን፣ ዱብቲንና አሳይታን እያጠጣ ሄዶ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ጊንጪ አካባቢ ካለው መነሻው እስከዚያ ድረስ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ባሕር የሚባል ነገር አያይም።

ስለ አባይ «ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። አዋሽ ግን ማደሪያ አለው፤ ማደሪያውም በረሃ ነው። አባይ የወሰደው ነገር ቢያንስ ከዓይናችን ይርቃል። አዋሽ የተሸከመውን ሁሉ፣ ደለሉንም፣ ጨዉንም፣ የፋብሪካ ፍሳሹንም፣ ፌስታሉንም፣ እዚሁ አገራችን ውስጥ ሌላ ውሃ በሌላቸው ሰዎች ደጅ ያራግፋል። እዚህ አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ እናገኛለን። አሳይታ የሚዘንበው ግን በብዙ ዓመት ከ200 ሚሊ ሜትር አይዘልም። የአሳይታ እናት ለቤቷም፣ ለፍየሏም፣ ለበቆሎዋም የምትጠብቀው ዝናብ የዘነበው እኛ ዘንድ፣ በጣሪያችንና በጎዳናችን ላይ ነው። በመንገዱ ደግሞ በቦያችን አልፏል። እንግዲህ በበረሃ ወንዝ የሚያገባን በዚህ ነው፤ እኛ የምንኖረው በራስጌው ነው።

ትንሽ ጨዋታ እንጨምርበት። አዋሽ የት ገብቶ እንደሚጠፋ አውሮፓውያን ለረጅም ጊዜ አያውቁም ነበር። ዊልፍሬድ ቴሲጀር የሚባል እንግሊዛዊ ወንዙን ተከትሎ ወርዶ በ1926 ዓ.ም. አቤ ሐይቅ ደረሰ፤ በመጽሐፍም እንደ ትልቅ ግኝት ተጻፈለት። አፋሮች ግን የወንዙ መጨረሻ ጠፍቶባቸው አያውቅም። ይህን የምናነሣው ለቀልድ ብቻ አይደለም። ወንዝን የሚያውቀው ማን ነው፣ ስለ ወንዝ የሚወስነውስ ማን ነው የሚለው ነገር ዛሬ ከእናንተ ጋር የምንነጋገርበት ዋና ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ከእኛ በፊት ወደ አፋር እንውረድ።

የአርብቶ አደር ኑሮ ዝም ብሎ መንከራተት የሚመስለን ብዙዎች ነን። እንደዚያ አይደለም። አፋሮች ዝናብ ሲጥል ከብቶቻቸውን ራቅ ወዳለው ሜዳ ያሰማራሉ። በጋው ሲከፋ፣ ሜዳው ሲደርቅ፣ ወደ አዋሽ ዳርቻ ይሰበሰባሉ። የወንዙ ዳር ሣር ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው፤ እኛ ለሐምሌና ለነሐሴ ጤፍ እንደምናስቀምጠው መሆኑ ነው። ያ ሣር ያለ ጊዜው እንዳይጋጥ የሚከለከልበት ሥርዓት ደሶ ይባላል። የተከለለውን መሬት የሚጠብቅ ሰው ይሰየማል፤ ተላልፎ የገባ ይቀጣል። ቅጣቱን የሚያስፈጽመው ፊማ የሚባለው የእኩያሞች ማኅበር ነው። እርጥብ ዛፍ መቁረጥም በአፋር ባህላዊ ሕግ ነውር ነው። ደግሞም ዳጉ አለ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ከተገናኙ ቁጭ ብለው የት ዘነበ፣ የት ሣር በቀለ፣ የት ከብት ታመመ፣ ወንዙ እንዴት ነው እያሉ ወሬ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም። ያለ ስልክና ያለ ሬዲዮ አንድ በረሃ ሙሉ ሕዝብ ስለ ውሃውና ስለ ሣሩ ሁልጊዜ ያውቅ ነበር። እኛ እዚህ አንድ ደረጃ ላይ እየኖርን ከፎቃችን ሥር ያለው ማንሆል ሞልቶ ሲፈስ ሽታው አፍንጫችን እስኪደርስ አንሰማም።

ይህ ሥርዓት እንዴት እንደተናጋ ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በወንዙ ግራና ቀኝ የስኳርና የጥጥ እርሻዎች ተስፋፉ። ቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ተመርቆ ጎርፉ መገራት ስለጀመረ እርሻው ተመቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ፤ ከረዩዎች፣ ኢቱዎችና አፋሮች ግጦሻቸው ውስጥ ወሰን ተተከለባቸው። እርሻውም ፓርኩም ለአገር የሚጠቅም ሥራ ነው የተባለው፤ ስኳሩንም ሁላችንም በልተናል። ነገር ግን የተወሰደው መሬት የቱ ነበር? ያ ለክፉ ቀን የተቀመጠው የወንዝ ዳር ሣር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ አፋሮች ወደ ወንዙ ሊሰበሰቡ ሲሉ መጠጊያቸው በጥጥ ተይዟል። ከብቱ አለቀ፤ ሰውም አለቀ። ስለዚያ ዘመን ረሃብ ሲወራ ወሎ በብዛት ይነሣል፤ አፋሮችም ከክፉኛ ከተጎዱት ውስጥ መሆናቸውን የምናነሣ ጥቂቶች ነን።

ከዚህ የምንይዘው ነገር አለ። መሬትን ወይም ወንዝን ለመጠበቅ ተብሎ፣ ወይም ለማልማት ተብሎ፣ ድሮ ይጠብቀው የነበረው ሰው ሲገፋ ጠባቂ ያጣል። ዘበኛ ሊቀጠርለት ይችላል፤ ዘበኛ ግን ደመወዙ የቀረ ዕለት ይሄዳል።

ሌላም ምሳሌ ከዚያው ከአፋር እንጨምር። የድርቅ መከላከያና የንፋስ መከለያ እንዲሆን ተብሎ በደርግ ጊዜ ፕሮሶፒስ የሚባል የውጭ አገር ዛፍ ወደ አፋር ገባ። ያስገቡት ሰዎች ክፋት አልነበራቸውም። ዛፉ ውሃ ባይኖርም ይለመልማል፤ ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ከብት ዘንጉን በልቶ ፍሬውን በፋንድያው ይዘራዋል። ዛሬ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ሰፊ ግጦሽ ሸፍኗል። እሾሁ ሰውና ከብት ያቆስላል፤ ወደ ወንዙ የሚወስደውን መንገድ ዘግቷል፤ ሥሩ ውሃ ይመጥጣል። ከሥሩ ሣር አይበቅልም። አፋሮች በዘመኑ መንግሥት ስም እየጠሩት አንዴ የደርግ ዛፍ፣ አንዴ የወያኔ ዛፍ ብለውታል፤ ሳያማክሩን የመጣብን ነገር ማለታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ የተሞከረው ነገር ለእኛ ለማኅበርተኞች ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ በገዋኔና በአሚባራ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ደግፏቸው ነዋሪዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጁ። ዛፉን እየቆረጡ ከሰል ያከስላሉ፤ ዘንጉን እየፈጩ ለከብት መኖ ያውላሉ። ገቢ አገኙ፤ መሬትም ተጠረገ። በኋላ ግን በፕሮሶፒስ ከሰል ስም ነባሩን ግራር የሚቆርጥ ነጋዴ ገባበትና ነገሩ ተበላሸ፤ የከሰል ክልከላም መጣ። የኅብረት ሥራው ሐሳብ መጥፎ ስለነበረ አይደለም። ፈቃዱን ማን እንደያዘና ማን እንደሚቆጣጠር ያልለየ ሥራ ገንዘብ ሲገባበት እንደዚህ ይሆናል። የእቁብ ዳኛ ሆናችሁ የምታውቁ እህቶች ይህን ከእኛ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

አሁን ደግሞ ድንበር ተሻግረን ጎረቤታችንን እንይ። ይህን ስንነግራችሁ ደስ እያለን ነው፤ ምክንያቱም የሠሩት እንደ እኛ ያሉ የሴቶች የመረዳጃ ማኅበራት ናቸው።

ኬንያ ውስጥ ማቻኮስና ኪቱይ የሚባሉ ደረቅ አገሮች አሉ። እዚያ ወንዝ ሲባል በዓመት ጥቂት ቀን ደፍርሶ የሚወርድ፣ ከዚያ በኋላ አሸዋ ብቻ የሚቀር ነው። የእኛም ቦረና፣ ሐረርጌ ቆላና ሶማሌ እንደዚህ ያሉ ወንዞች ሞልተዋቸዋል። የካምባ ሴቶች ምዌትያ የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ ደቦ ማለት ነው። በዚህ ደቦ የአሸዋ ግድብ ይሠራሉ። የአሸዋ ግድብ ማለት በደረቁ ወንዝ ላይ ከሥሩ አለት ጋር ተያይዞ የሚገነባ አጭር የኮንክሪት ግንብ ነው። ጎርፍ ሲመጣ አሸዋውን ከግንቡ ኋላ ያስቀራል፤ ቀላሉ ጭቃ በላዩ ያልፋል። ጥቂት ዝናብ ካለፈ በኋላ ግድቡ በአሸዋ ይሞላል። «አሸዋ ሞላ፣ ከሸፈ» ይላል የማያውቅ ሰው። ሥራው ግን ያኔ ነው የሚጀምረው፤ ከዚያ አሸዋ ውስጥ ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ውሃ ነው። ፀሐይ አያገኘውም፤ ወባ አይራባበትም፤ ከብት አያደፈርሰውም። በበጋ ጉድጓድ ቆፍሮ ወይም ፓምፕ ተክሎ መቅዳት ነው። ከላይ በኩል ባሉት ተዳፋቶችም እርከን ይሠራሉ፤ አፈሩ ካልተያዘ ግድቡ በአሸዋ ፈንታ በጭቃ ይሞላልና።

ሲሚንቶው ከረጂ ሊመጣ ይችላል። ድንጋዩን የሚሸከሙት፣ አሸዋውን የሚያቀርቡት፣ ውሃውን ለድብልቁ የሚቀዱት ግን እነሱ ናቸው። ድካሙን ያዩ ሰዎች «ለምን በማሽን አይሆንም?» ይላሉ። እኛ ደግሞ ጥቅሙ ከፊሉ እዚያው ድካሙ ውስጥ ነው እንላለን። በጀርባዋ ተሸክማ የገነባችውን ግድብ ማንም መጥቶ አሸዋውን በመኪና ሲጭን ዝም ብላ አታይም። እዚህ ሰፈራችን ውስጥ በአንድ ቀን ዘመቻ ስንት ችግኝ ተተክሎ በስንተኛው ወር ፍየል እንደጨረሰው እናንተው ቁጠሩት። ችግኙ ጥፋት የለበትም። የማን እንደሆነ አልታወቀም ነበር።

ከሕንድም አንድ ነገር ብቻ እንጥቀስ። ራጃስታን በሚባለው ደረቅ ክልል፣ አልዋር በተባለ ቦታ፣ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ራጄንድራ ሲንግ የተባለ ሰው የመንደር ሰዎችን አስተባብሮ የድሮ ዓይነት ትንንሽ የአፈር ኩሬዎች ማሠራት ጀመረ። ኩሬዎቹ ጎርፉን እያስቀሩ ወደ መሬት አሰረጉት። ደርቆ የነበረው የአርቫሪ ወንዝ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓመቱን ሙሉ መፍሰስ ጀመረ። ከዚያ የሆነው ነው የሚገርመው። ወንዙ ዓሣ ማፍራቱ ሲታወቅ ዓሣ የማስገር ፈቃድ ለውጭ ነጋዴ ተሰጠ። የመንደሮቹ ሰዎች ደግሞ «ሲደርቅ የት ነበራችሁ?» ብለው ተነሡ። በኋላም ሰባ ያህል መንደሮች የወንዝ ሸንጎ አቋቋሙ። ማን ምን ያህል ውሃ ያወጣል፣ ምን ዓይነት አዝመራ ይዘራል የሚለውን እዚያ ተቀምጠው ይወስናሉ።

ወደ ቤታችን እንመለስ።

የእኛ ወንዝ በውሃ እጥረት የሚታማ አይደለም። ክረምት ላይ ዳርቻውን እየናደ ይወርዳል፤ በጋ ላይ ደግሞ የሚወርደው በአብዛኛው ፍሳሽ ነው። ከላይ የተለያዩ ፋብሪካዎች ይለቁበታል፤ ከየሰፈሩ ከመጸዳጃ ቤት ቱቦ በስውር የተቀጠለ አለ፤ ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ይደፋበታል። ይህ ሁሉ የእኛ የሴቶች ጥፋት አይደለም፤ «ወንዙን ያቆሸሸው የእማማ እጣቢ ነው» የሚለውን ወሬ አንቀበለውም። የፋብሪካው ድርሻ ለፋብሪካው ይሰጥ። የከተማው አስተዳደር በ2017 ዓ.ም. የወንዝ ብክለትን የሚከለክልና የገንዘብ ቅጣት ያለበት ደንብ አውጥቷል። ደንቡ መውጣቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ደንብ ዓይን ይፈልጋል፤ ማታ የሚለቀቀውን ቀለም የሚያየው በመስኮቱ ወንዙን የሚያይ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ እኛ ነን። ዳጉ ያልነው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ወደ መጨረሻ እንመለስበታለን።

አሁን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀንን እናንሣ። ከአባሎቻችን መካከል በወንዙ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙ እህቶች አሉ። ሌሎች ደግሞ ያንን ጎመን ተረክበው ጉልት የሚሸጡ አሉ። የቀረነው እየገዛን ለልጆቻችን የምንሠራ ነን። ስለዚህ ይህ ጉዳይ አንዷን ነክቶ ሌላዋን የሚተው አይደለም፤ በጥንቃቄ መነጋገር ያለብንም ለዚህ ነው።

በአቃቂ ወንዞች ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ጥናት ተደርጓል። እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች ተገኝተዋል፤ በተለይ እንደ ቆስጣና ሰላጣ ባሉት ቅጠላ ቅጠሎች ላይ ይበረታል። አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ብዙዎቻችን ሰላጣን በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ዘፍዝፈን ስናጥብ ሁሉ ነገር የጸዳ ይመስለናል። ማጠቡ አፈሩንና ከትላትል እንቁላል ብዙውን ያስወግዳል፤ ስለዚህ አትተዉት። ማብሰል ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። በሥሩ ተመጥጦ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት ግን ሎሚም፣ እሳትም አያወጣውም። በባዶ እግሯና በባዶ እጇ በዚያ ውሃ ውስጥ ቆማ የምታጠጣው እህታችን ደግሞ ከምንበላው ከእኛ በፊት የምትጎዳ እሷ ናት፤ ለወስፋትና ለቆዳ በሽታ የቀረበች ናት።

መፍትሔው ምንድን ነው? «እርሻው ይከልከል» ማለት ቀላል ነው፤ እንደዚያ የሚሉም አሉ። እኛ አንልም። ያን ብንል አፋር ላይ የተደረገውን እዚህ መድገም ነው። ያ የወንዝ ዳር መሬት የእነዚህ እህቶች የክፉ ቀን ሣር ነው። የሚሻለው የሚያለሙትን መለወጥ ይመስለናል። በወንዙ ውሃ የሚለማው የማይበላ ነገር ይሁን፤ አበባ፣ የችግኝ ጣቢያ፣ ለከተማው ማስዋቢያ የሚሸጥ ሣር። ከተማው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የወንዞች ዳርቻ እያለማ ነው። ያኔ የተነገረው ዕቅድ ብቻ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትርና 29 ቢሊዮን ብር ነበር። ለዚያ ሁሉ ዳርቻ ችግኝና ሣር ከአንድ ቦታ መገዛቱ አይቀርም፤ ከእኛ እህቶች ለምን አይገዛም? የሚበላው ጎመን ደግሞ በዝናብ ወቅት ከወንዙ ራቅ ባለው በላይኛው መደብ፣ ወይም ከጣሪያ በሚጠራቀም ውሃ በጆንያና በባልዲ ይልማ። ይህ ሽግግር በአንድ ወር አይሆንም። እስኪሆን ድረስ እህቶች ገቢ እንዳያጡ ከማኅበሩ የብድር ሣጥን ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ኮሚቴው ይጠይቃል። የብድር ኮሚቴዋ ሰብሳቢ ፊቷን እንዳጠቆረች እያየን ነው፤ በውይይቱ ጊዜ ትናገራለች።

ስለ ወንዝ ዳር ልማቱ አንድ ቃል እንጨምር። ወንዙ ጸድቶ ዳሩ ሲያምር ደስ ይለናል፤ በልማታዊ ሴፍቲኔት ታቅፈው ለዚሁ የደከሙ አባላትም አሉን። ልማቱ ወደ እኛ ክፍል ሲመጣ ግን የት ቦታ ማን ምን እያለማ እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት በእጃችን መኖር አለበት። መሐንዲስ ካርታ ይዞ ሲመጣ እኛም የራሳችንን ዝርዝር ይዘን ብንቀርብ ጨዋታው ሌላ ይሆናል። ዝርዝሩ ሳይኖር «እኛም ነበርን» ማለት ከአሸዋ ላይ ጽሑፍ አይሻልም።

የቤት ውስጥ ነገር ብዙ ስለሆነ ዋና ዋናውን ብቻ። ዳይፐርና ሞዴስ መጸዳጃ ውስጥ አይጣል፤ ማንሆል የሚደፍነው ከሁሉ በላይ እሱ ነው፤ የሞላው ማንሆል የሚሄድበት ደግሞ ወንዙ ነው። የተረፈ ዘይት በላስቲክ ተጠራቅሞ በደረቅ ቆሻሻ ይሂድ፤ ማጠቢያው ላይ ሲደፋ ቱቦው ውስጥ ይረጋል። የጠላ አተላ ከብት ለሚያረቡ ይሰጥ፤ ፈላጊውም ብዙ ነው። ሃይላንዱን ቆራሌው ይገዛል። ፌስታሉን ማንም አይገዛም፤ ለዚህ ነው ወንዙ ዳር ቁጥቋጦው ሁሉ ፌስታል ያፈራ የሚመስለው። ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣት ድሮ የነበረ ወግ ነው፤ የእናቶቻችንን ዘንቢል ከመደርደሪያ ላይ እናውርደው።

ወንዙ ዳር የሚተከለውን በተመለከተ ጥቂት ክርክር ነበረብን። ገሚሶቻችን ቶሎ የሚያድግ ባሕር ዛፍ ይሁን አልን። ሌሎቻችን የፕሮሶፒስን ታሪክ አነሣን። በመጨረሻ የተስማማነው ለሚሸረሸረው ጠርዝ ቬቲቨር ሣር፣ ለውሃው ዳር አኻያ፣ ራቅ ብሎ ቀርከሃ እንዲሆን ነው። ቬቲቨር ሥሩ ቁልቁል እየወረደ አፈር ስለሚያስር ለናዳ የታወቀ ነው። አኻያ የወንዞቻችን ነባር ዛፍ ነው። ቀርከሃ ደግሞ ሲደርስ ይሸጣል፤ ከዳርቻው የሚጠቀም ሰው ሲኖር ዳርቻው ጠባቂ ያገኛል። የሚናድ አፈር ሁሉ የሚሄደው ወደ ታች ነው። የቆቃ ግድብ ከደለሉ የተነሣ ድሮ ይይዝ የነበረውን ውሃ ዛሬ አይዝም። ግድቡ የሚይዘው ሲያንስ ደግሞ ጎርፍን የመግታት ዐቅሙም ያንሳል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ አፋር ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። የአፋር ሴት ደቦይታዋን ራሷ ናት የምትሠራው፤ ሰሌኑንም ራሷ ናት የምትታታው። ጎርፍ ቤቷን ሲወስድ የወሰደው የእጇን ሥራ ነው።

እንግዲህ ኮሚቴው ለጉባኤው የሚያቀርበው ይህን ነው። ከድልድዩ በታች ካለው የወንዝ ዳር አንድ የተወሰነ ቁራጭ ማኅበራችን በስሙ እንዲረከብ ለወረዳው በጽሑፍ እንጠይቅ። ትንሽ ይሁን፤ ልንጠብቀው ከምንችለው አይለፍ። እዚያ የሚያለሙት እህቶቻችን የመጀመሪያዎቹ ጠባቂዎች ሆነው ይመዝገቡ፤ ከቀርከሃውና ከችግኙ ገቢ የሚደርሳቸው ድርሻ ከመተከሉ በፊት ይጻፍ። ከተከለከለው ቦታ ሣር ያጨደ ወይም ቆሻሻ የደፋ ምን እንደሚቀጣ ራሳችን እንወስን፤ ቅጣቱ እንደ እድራችን ለአባልም ለአባል ባልም እኩል ይሁን። ይህን የመጨረሻውን ያስገባነው ሆነ ብለን ነው፤ ጋራዥ ያላቸው ባሎች እዚህ ስብሰባ ባይኖሩም ሚስቶቻቸው አሉ።

ዳጉ ያልነውም ይኸው ነው። ከየብሎኩ አንድ እህት ትመረጥ። ውሃው ቀለም ሲለውጥ፣ ማንሆል ሲሞላ፣ ሌሊት ቦቴ መጥቶ ሲደፋ፣ ሰዓቱንና ቦታውን በደብተር ትጻፍ፤ ስልክ ያላት ፎቶ ታንሣ። በየወሩ ቡና ላይ እናነበዋለን። ከተነበበ በኋላ ለወረዳው ደብዳቤ የሚወጣው በማኅበሩ ማኅተም ነው እንጂ በአንዷ ስም አይደለም፤ አንዷ ብቻዋን ከጎረቤት እንዳትጣላ።

አንዳንዶቻችሁ «እኛ ይህን ብናደርግ ከላይ ያሉት ሰፈሮች ቢለቁበት ምን ዋጋ አለው?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው እውነተኛ ነው። ከእኛ በላይ ሰው አለ፤ ከእኛ በታችም ሰው አለ። በላይ ላሉት እህት ማኅበራት ይህንኑ ንግግር አትመን ልንልክ አስበናል። ከታች ላሉት ግን የምንልከው ውሃውን ነው። ሌላ ፖስታ የለንም።

ውሳኔው የጉባኤው ነው፤ ድምፅ የሚሰጠው ከውይይቱ በኋላ ይሆናል። ከዚያ በፊት የሚመጣው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ቦታውን በእግራችን እናየዋለን። ከብሎኮቹ መግቢያ እንነሣና በወንዙ ዳር ወደ ድልድዩ እንወርዳለን። ቦት ጫማ ያላት ታድርግ። የሚያለሙት እህቶች መደባቸውን ያሳዩናል፤ የእያንዳንዳቸውን ስፋት በገመድ ለክተን እንጽፋለን። ገመዱን እኛ እናመጣለን። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ።